ሰሙ የማይቀልጥበት ቅኔ፦ በዲክንስ ልብ ወለድ ውስጥ ሞረዱ፣ ሁለቱ ፓውንድና ባርኔጣው

ጥያቄ፦ «ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ስምንት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ መጽሐፍ እናነባለን። አሁን የያዝነው የቻርልስ ዲክንስን ‹ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ› ነው። ቆሞ የቀረው ሰዓትና ሸረሪት ያደራበት የሠርግ ኬክ ምልክት መሆናቸው አላከራከረንም። ሞረዱ፣ እግረ ሙቁ፣ የጠበቃው ሳሙናና የጆ ባርኔጣ ግን አከራክረውናል። ግማሾቻችን ‹ሁሉም ወርቅ አለው› እንላለን፤ የአሳማ ሥጋው ፓይ ርኩሰትን ያሳያል ያለም አለ። ሌሎቻችን ‹ዕቃ ዕቃ ነው› ባዮች ነን። ምልክት የሆነውን ካልሆነው የምንለየው በምንድን ነው?»

ምላሽ፦

«ሁሉም ወርቅ አለው» ካሉት ጓደኞችዎ ልጀምር። እኔም ሥነ ጽሑፍ ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት የማስተምረው እንደዚያ ነበር። በቅኔ አገር ያደገ ሰው ቃል ሲሰጡት ውስጡን መፈልፈል ይቀናዋል። ሰም አለ፣ ወርቅ አለ፤ ሰሙ መሸፈኛ፣ ወርቁ ዋናው። አባባሉ የመጣው ከወርቅ አንጥረኛው ሥራ ነው። አንጥረኛው ጌጡን መጀመሪያ በሰም ይቀርጸዋል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ጭቃውን በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በባዶው ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። ከዚያ በኋላ ሰሙን የሚፈልገው የለም።

ልብ ወለድን በዚህ መንገድ ስናነብ ነው የምንሳሳተው። በልብ ወለድ ውስጥ ሰሙ አይቀልጥም። ሞረዱ «ጥፋት» የሚል ፍቺ ከተገኘለት በኋላም ሞረድ ነው። አሁንም ብረት ይበላል፤ አሁንም ከባለቤቱ ሳጥን ጎድሏል፤ አሁንም የሆነ ሰው ኪስ ውስጥ ተቀምጧል። ፍቺውን ይዘን ዕቃውን ከጣልነው በእጃችን የሚቀረው ባዶ ቃል ነው። ተማሪዎቼ የሚጽፉልኝ የፈተና ወረቀት እንደ መዝገበ ቃላት የሆነው በእኔ ጥፋት ነበር፦ ሰዓት ማለት ጊዜ፣ ሻማ ማለት ተስፋ፣ ውኃ ማለት ንጽሕና። ልብ ወለዱ ራሱ የት ሄደ?

ለዚህ ከቅኔው ይልቅ የሚረዳን ሌላው ትምህርታችን ነው፤ የእርሱ ደግሞ ዋና ቤቱ ጎንደር ናት። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር አንዱን ቃል ሲያትት «አንድም» እያለ ይጨምራል። አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው። ሁለተኛው «አንድም» የመጀመሪያውን አይሽረውም፤ ከጎኑ ይቆማል። ነጠላ ንባቡ ሳይገባው ወደ ምሥጢሩ የሮጠ ደቀ መዝሙርም ወደ ንባቡ ይመለሳል። እኔ የዲክንስን ዕቃዎች ማንበብ የቻልኩት «ምን ያመለክታል?» የሚለውን ትቼ በ«ምን ይሠራል?» ስጀምር ነው። ማን ሠራው? ማን ነካው? የት ተቀመጠ? ሲጠፋ ማን ደነገጠ? ይህን ከጨረስኩ በኋላ «አንድም» የምለው ነገር ካለ እላለሁ፤ ከሌለ ዝም እላለሁ።

መጽሐፉን ገና ያልጀመሩ ካሉ ታሪኩን ባጭሩ ልንገራቸው። ፒፕ ወላጆቹ የሞቱበት ልጅ ነው። እንግሊዝ አገር፣ ኬንት በሚባለው አውራጃ ረግረግ ዳር፣ በእህቱና አንጥረኛ በሆነው ባሏ በጆ ቤት ያድጋል። በገና ዋዜማ እናት አባቱ በተቀበሩበት ቅጽር ግቢ ሳለ እግረ ሙቅ ያሰረ ያመለጠ እስረኛ ያዘውና ሞረድና ምግብ እንዲያመጣ ያስፈራራዋል። ልጁ ሰርቆ ያመጣል። ከዚያ በኋላ ሚስ ሃቪሻም ከምትባል ሀብታም ሴት ቤት እየተጠራ ሴትየዋ የምታሳድጋትን እስቴላን ያያል፣ በድህነቱ ማፈር ይጀምራል፤ ካደገ በኋላ ስሙ ካልተነገረው ሰው፣ ጃገርስ በሚባል ጠበቃ በኩል ሀብት ይመጣለትና ለንደን ገብቶ «ጌታ» ይሆናል።

አሁን ወደ ፓይው። በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ የአሳማ ሥጋ ነው፤ ፒፕ ለእስረኛው ከሰረቃቸው ምግቦች አንዱ። ርኩሰት ያየበት ጓደኛችሁ ያነበበው የዲክንስን ገበታ ሳይሆን የራሱን ነው። እኛ ዘንድ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ ስለማይበላ ቃሉን ስንሰማ ሰውነታችን ይሸማቀቃል። በእህትየው ቤት ግን ፓይው የበዓሉ ኩራት ነው፤ አጎት ፓምብልቹክ ያመጡት ስጦታ፣ ከምሳ በኋላ እንግዳ ፊት ሊቀርብ የተቀመጠ። ትክክለኛውን ስሜት ከፈለጋችሁ የበዓል ዶሮ አስቡ። እናት ዶሮውን አሥራ ሁለት ብልት አድርጋ አውጥታለች፣ እያንዳንዱ ብልት የሚደርሰው ሰው አለው። ሌሊት ተነሥታችሁ ከድስቱ ፈረሰኛውን አወጣችሁ። ነገ እንግዳ ተቀምጦ፣ እናት ጭልፋዋን ይዛ ስትቆጥር እናንተ የት ትገባላችሁ? ፒፕ የጠረጴዛውን እግር ከጨርቁ በታች ጨብጦ የተቀመጠው በዚህ ፍርሃት ነው። እህቱ ፓይውን ልታመጣ ስትነሣ ልጁ ወደ በሩ ይሮጣል፤ በሩ ላይ ወታደሮች ይገጥሙታል፣ አንዱ ካቴና ይዞ። የመጡት እሱን ሊይዙ አይደለም፤ የካቴናው ቁልፍ ተበላሽቶ አንጥረኛ ፈልገው ነው። ለእኔ ፓይው ምልክት አይደለም። ፍርሃቱን በጨው የሚያቀምሰን ምግብ ነው፤ ከዚያም ከታሪኩ ይወጣል። እንዲወጣ እንተወው።

ምልክት እንዴት እንደሚነበብ ዲክንስ ራሱ የሚያሳይበት ቦታ አለ፤ ብዙ አንባቢ ሳያየው ያልፋል። ምዕራፍ 16 ላይ ነው። የፒፕ እህት በማይታወቅ ሰው ተመትታ አንደበቷ ተይዟል። የምትፈልገውን በጽሑፍ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ትጭራለች። አንድ ቅርጽ እየደጋገመች ትሥላለች፤ የእንግሊዝኛውን «ቲ» ፊደል ይመስላል። ፒፕ የእንግሊዝኛ ስሙ በዚያ ፊደል የሚጀምር ነገር ሁሉ እያመጣ ያሳያታል፦ ሬንጅ፣ የተጠበሰ ዳቦ፣ ገንዳ። አይደለም ትላለች። በኋላ ቅርጹ መዶሻ ይመስለዋል፤ ቃሉን ጆሮዋ ላይ ሲጮኽ ጠረጴዛውን መደብደብ ትጀምራለች፣ የተስማማች ትመስላለች። በቤቱ ያለውን መዶሻ ሁሉ አንድ በአንድ ያመጣላታል፤ አሁንም አይደለም። ከመንደር ምርኩዝ ተውሶ ቢያሳያት ራሷን ትነቀንቃለች። በመጨረሻ የገባት ቢዲ የምትባለው ልጅ ናት። ሴትየዋ የሰውየው ስም ጠፍቶባታል፤ የምትለው «መዶሻ የሚይዘውን ሰው ጥሩልኝ» ነው። ሰውየው በጆ አንጥረኛ ቤት የሚሠራው ኦርሊክ ነው።

ይህን ደጋግማችሁ እዩት። ፒፕ የተሳሳተው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ሥዕሉን ፊደል አደረገው፤ ቀጥሎ ሥዕሉን ዕቃ ብቻ አደረገው። እኛም የምንሳሳተው በእነዚህ በሁለቱ ነው። «ሁሉም ወርቅ አለው» የሚለው ወገን በ«ቲ» የሚጀምር ነገር ፍለጋ ላይ ነው፤ «ዕቃ ዕቃ ነው» የሚለው ወገን መዶሻ እየተሸከመ ያመጣል። ቢዲ ግን መዶሻውን አልጣለችም፤ መዶሻውን ይዛ «ይህን የሚያነሣው እጅ የማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ዕቃውን ተከትላ ሰው ላይ ደረሰች። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ላለ ዕቃ ሁሉ ከዚህ የተሻለ አነባበብ አላውቅም።

ሞረዱን በዚሁ መንገድ እንከተለው። የጆ ነው፤ አንጥረኛ ያለ ሞረድ አይኖርም። ፒፕ ሰርቆ ለእስረኛው ሰጠው፣ እስረኛው እግረ ሙቁን ቆረጠበት። ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ምዕራፍ 10 ላይ ፒፕ የእህቱን ባል ሊጠራ መጠጥ ቤት ሲገባ አንድ የማያውቀው ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ይጠጣል። ሰውየው ሩሙን በውኃ በጥብጦ የሚያማስለው በቀረበለት ማንኪያ አይደለም፤ በሞረድ ነው። ከፒፕ በቀር ማንም እንዳያየው አድርጎ ያማስላል፣ ይጠርገዋል፣ ወደ ደረት ኪሱ ይመልሰዋል። ፒፕ የጆ ሞረድ መሆኑን ያውቀዋል። አንድ ቃል አልተነገረም። አሁን «ሞረዱ ምን ያመለክታል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ቀድሞ በሰውነታችሁ ውስጥ አለ። በልጅነት የተሠራ ነገር በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ እየዞረ ነው፣ በማንኛውም ሰዓት ሊወጣ ይችላል።

ዕቃ እንዲህ እየተመለሰ የሚመጣበት የእጅ ሥራ ምክንያትም አለው። መጽሐፉ መጀመሪያ የወጣው በጥራዝ አይደለም። ዲክንስ ያዘጋጀው በነበረ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1860 እስከ ኦገስት 1861 በ36 ክፍል ነው የታተመው። አንባቢው ክፍሉን አንብቦ ሳምንት ይጠብቃል። በክረምት ያነበበውን ስም በበጋ ይረሳው ይሆናል፤ ሩም የተማሰለበትን ሞረድ ግን አይረሳም። ዕቃው የአንባቢ የማስታወሻ ቋጠሮ ነው። በሬዲዮ ትረካ ያደግን ሰዎች ይህን እናውቀዋለን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ትረካው ሲጀምር የምናስታውሰው አንድ ዕቃ፣ አንድ ድምፅ ነው።

እግረ ሙቁ ከሞረዱ ይከፋል። እህትየው የተመታችው በእሱ ነው፤ ከወደቀችበት አጠገብ ተሞርዶ የተቆረጠ እግረ ሙቅ ይገኛል። ጆ በአንጥረኛ ዓይኑ መርምሮ ከቆረጡት ቆይቷል ይላል። ፒፕ የማን እንደነበረ ያውቃል። መቺው ሌላ ሰው ነው፤ መሣሪያውን እዚያ ያደረሰው ግን እሱ የሰረቀው ሞረድ ነው። የልጁ ጸጸት እዚህ ላይ ክብደት አለው፣ በሚዛን የሚለካ ክብደት። «እግረ ሙቅ ማለት የኅሊና እስራት ማለት ነው» ብላችሁ ከጻፋችሁ ስሕተት አይደለም፤ የሰው ራስ የመታ ብረት መሆኑን ግን አትርሱ።

ስለ ሰዓቱና ስለ ኬኩ ብዙ አልልም፤ እናንተም ተስማምታችኋል። አንድ ነገር ብቻ፦ በሚስ ሃቪሻም ቤት ሰዓቶቹ የቆሙት በእንግሊዞች አቆጣጠር ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ ላይ ነው፤ ወደ እኛ ስንመልሰው ከጠዋቱ ለሦስት ሃያ ጉዳይ ይሆናል። አንድ ዓመት አንድ ጎበዝ ተማሪ ይህን መልሶ «ሦስት ሥላሴ ነው፣ ሃያ የጎደለው ደግሞ...» እያለ ሁለት ገጽ ጻፈልኝ። አዘንኩ፤ እንዲህ ያስተማርኩት እኔ ነኛ። ሰዓቱ የቆመው ሚስ ሃቪሻም ለሠርጓ እየለበሰች ሳለ ሙሽራው እንደማይመጣ የሚገልጸው ደብዳቤ በደረሳት ደቂቃ ላይ ነው። አንድ ጫማዋን አድርጋለች፣ ሌላው ገና ጠረጴዛው ላይ ነው። ቁጥሩን አትቁጠሩት፤ ያልተደረገውን ጫማ እዩ። ነጩ ቀሚስ ቢጫ እስኪሆን ያ እግር ጫማውን አላገኘም። ኬኩ ያለበት ረጅም ጠረጴዛም የራሱ ታሪክ አለው፦ ስሞት እዚህ ላይ ያጋድሙኛል እያለች በዱላዋ ታሳይ ነበር፤ ምዕራፍ 49 ላይ ልብሷ ተቀጣጥሎ ስትቃጠል ፒፕ እሳቱን ሊያፍን የጠረጴዛውን ልብስ ጎትቶ፣ ከነሸረሪቱ ከነብስባሹ ያለብሳታል። ሐኪሙም ቁስሏን የሚያክመው እዚያው ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ነው።

ለቆመው ሰዓት መልሱ የሌላ ሰው ቤት ውስጥ መሆኑን ግን አትዝለሉት። የጠበቃው ጸሐፊ ዌሚክ በትንሽ ቤቱ ጣሪያ ላይ መድፍ አለው፤ ማታ ማታ ልክ በሰዓቱ ይተኩሰዋል። መስማት የተሳናቸው ሽማግሌ አባቱ የሚሰሙት ያንን ድምፅ ብቻ ነው፣ በሰሙትም ቁጥር ደስ ይላቸዋል። አንዷ ከሰው ተጣልታ ሰዓት አቆመች፤ አንዱ አባቱን ለማስደሰት ሰዓት ያስጮኻል።

የጠበቃው ሳሙና ቀላል ነው። ጃገርስ ደንበኛ ሸኝቶ ሲመለስ እጁን ሽታ ባለው ሳሙና ይታጠባል፤ ለዚሁ የተለየ ክፍል አለው። የእኛ አንባቢ ወዲያው ጲላጦስን ያስባል፣ ማሰቡም ትክክል ነው። አንድም ግን የሳሙናው ሽታ ራሱ ነው፤ ጠበቃውን ከማየታችን በፊት በሽታው የምናውቀው እንዲህ ሆኖ ነው። በዚህ ልለፈው።

ሁለቱ የፓውንድ ኖቶች ናቸው ከሁሉም በላይ የምወዳቸው፤ በጥያቄው ዝርዝር ውስጥ ስላላየኋቸው ደግሞ ቅር አለኝ። ያ ሞረድ ይዞ ሩም ያማስል የነበረ ሰው ሲነሣ ለፒፕ በተጨማደደ ወረቀት የጠቀለለ አንድ ሽልንግ ይሰጠዋል። ቤት ሲደርሱ እህትየው ወረቀቱን ስትፈታ ወረቀት አይደለም፤ ሁለት ባለ አንድ ፓውንድ ኖት ነው። የወዛ፣ ያላበው፣ በአውራጃው የከብት ገበያ ሁሉ የዞረ የሚመስል ገንዘብ። ጆ ወዲያው ባርኔጣውን ብድግ አድርጎ ሊመልስለት ይሮጣል፤ ሰውየው ሄዷል። እህትየው ኖቶቹን በወረቀት አሽጋ፣ የደረቀ የጽጌረዳ ቅጠል ካለበት የጌጥ ሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ፣ እንግዳ ብቻ በሚገባበት ክፍል ቁም ሣጥን አናት ላይ ታስቀምጠዋለች። ፒፕ ለብዙ ሌሊት ይቃዥበታል።

ያ ማንቆርቆሪያ የማን ቤት የለም? በእናቴ ቡፌ ላይ ሻይ ቀርቦበት የማያውቅ፣ ወርቃማ ጠርዝ ያለው ማንቆርቆሪያ ነበር፤ የዕቁብ ብር፣ የመሬት ግብር ደረሰኝ፣ የሟች አያቴ ቀለበት የሚቀመጥበት። የቤት ክብርና የቤት ምሥጢር በአንድ ክዳን ሥር ነው የሚያድሩት። የፒፕም እህት የማታውቀውን የእስረኛ ገንዘብ በጽጌረዳ ሸፍና በክብር ቦታ አስቀመጠች። የመጽሐፉ ታሪክ በሙሉ በዚያች ማንቆርቆሪያ ውስጥ አለ። የፒፕ «ጌትነት» ራሱ ላዩ ጽጌረዳ፣ ሥሩ በእስረኛ ላብ የወዛ ገንዘብ ነው፤ ይህን ግን እኛም እሱም ገና አናውቅም።

ምዕራፍ 39 ላይ ዓመታት አልፈዋል፤ ፒፕ 23 ዓመቱ ነው። ዝናብና ነፋስ ባለበት ሌሊት አንድ ሽማግሌ ደረጃውን ወጥቶ ይመጣል። ያ እስረኛ፣ ማግዊች ነው። ፒፕ ፈርቶም ተጸይፎም ቶሎ ሊሸኘው ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ የላክልኝ ሁለት ፓውንድ ጠቅሞኛል፣ አሁን ልክፈልህ ብሎ ቦርሳውን ያወጣል። የሚሰጠው ሁለት ኖት ንጹሕና አዲስ ነው። ማግዊች እያየው ኖቶቹን ዘርግቶ አንዱን በአንዱ ላይ ያደርጋል፣ በቁመቱ ያጥፋቸዋል፣ ይጠመዝዛቸዋል፣ በመብራቱ ላይ ያቀጣጥላቸዋል፣ አመዱን ትሪው ላይ ይጥለዋል። ከዚያ በኋላ ነው፣ ለመሆኑ እንዴት ሀብታም ሆንክ ብሎ መጠየቅ የሚጀምረው።

እጁን እዩ። አይቆጣም፣ አይናገርም፤ ያጥፋል፣ ይጠመዝዛል፣ ያቃጥላል። ፒፕ የከፈለው መስሎታል፤ ያለው ልብስ፣ የተቀመጠበት ወንበር፣ ያ ንጹሕ ኖት ራሱ የዚህ ሰው ገንዘብ ነው። በሰውየው ብር ለሰውየው ዕዳ እየከፈለ ነው። ዲክንስ ይህን በቃል ቢያስረዳ ኖሮ ግማሽ ገጽ ይፈጅበት ነበር፤ ሁለት የሚነድ ወረቀት ግን ከመገለጹ በፊት ነገሩን ጨርሶታል። ምልክት ማለት ለእኔ ይህ ነው፦ ሰዎቹ ገና ያላወቁትን ዕቃው ቀድሞ ያውቀዋል።

ባርኔጣውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለሚከብደኝ ነው። በመጀመሪያ አንድ ነገር ላስታውስ። እኛ የምናነበው አንጥረኛን በማያከብር አገር አድገን ነው። በጎንደር ዙሪያ ማረሻውንና ማጭዱን ሲሠሩልን የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን አንጥረኞች በሠሩት ብረት እየታረሰ፣ እነሱ ግን «ቡዳ» ተብለው ሲሸሹ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። እንግሊዛዊው አንባቢ ፒፕ በአንጥረኛ ቤት ለምን እንዳፈረ ሊያብራሩለት ያስፈልግ ይሆናል፤ ለእኛ አያስፈልገንም። እስቴላ በእጁ ሻካራነትና በጫማው ወፍራምነት ስትስቅበት ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ያያል። ዲክንስ ይህን ከመጽሐፍ አላገኘውም። አባቱ በዕዳ ሲታሰሩ በ12 ዓመቱ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ገብቶ የቀለም ዕቃ እየሸፈነ ወረቀት ሲለጥፍ ነበር፤ ይህንንም ለብዙ ዓመታት ለሰው ሳይናገር ደብቆ ኖሯል።

እንግዲህ ምዕራፍ 27 ላይ ጆ ለንደን ይመጣል። የክት ልብሱን ለብሷል። ባርኔጣውን እንደ ወፍ ጎጆ በሁለት እጁ ይዞ የሚያስቀምጥበት ያጣል። በመጨረሻ የምድጃው መደርደሪያ ጫፍ ላይ ያኖረዋል፤ ይወድቃል። ይቀልበዋል፣ ይመልሰዋል፤ ይወድቃል። ሻይ እየጠጡ ዓይኑ ባርኔጣው ላይ ነው። ሰው ይስቃል እዚህ ላይ፤ ደግሞም ያስቃል። ፒፕ ግን አይስቅም፣ ይበሳጫል። ጆ ሲነሣ የሚናገረው ነገር አለ፦ ሰው በሥራው የተለያየ ነው፤ አንዱ ብረት ቀጥቃጭ፣ አንዱ ቆርቆሮ ሠሪ፣ አንዱ ወርቅ አንጥረኛ፤ እኔ በዚህ ልብስ ትክክል አይደለሁም፣ መዶሻ ይዤ በአንጥረኛ ቤቴ ብታየኝ ግማሹን ያህል እንኳ አላስነውርህም። ከዚያ ይሄዳል።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አባቴ ከደምቢያ ሊጠይቀኝ መጣ። ጋቢውን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ። መኝታ ክፍላችን ውስጥ የከተማ ልጆች ነበሩ። አባቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ዱላውን ግድግዳው ላይ ደገፈው፤ ዱላው ተንሸራትቶ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። አነሣው፣ ደገፈው። ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅ እኔ ተነሥቼ አልጋው ሥር ወሸቅሁት። አባቴ ምንም አላለም። ያመጣሁለትን ሻይ ሳይጨርስ «መኪና እንዳያመልጠኝ» ብሎ ተነሣ፤ ጎንበስ ብሎ ዱላውን ከአልጋው ሥር ራሱ አወጣው። በኋላ ምዕራፍ 27ን ሳነብ ባርኔጣው ምን እንደሚያመለክት የሚነግረኝ ሰው አላስፈለገኝም። ባርኔጣው የሚወድቀው ቦታ ስላጣ ነው። ቦታ የነፈገው ደግሞ መደርደሪያው አይደለም።

ስለዚህ ለቅዳሜ ከእኔ የሚጠብቁት መለያ ይህ ነው፦ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ሰዎቹን እየለወጠ ከሄደ፣ ወይም አንድ ሰው ሊናገር ያልቻለውን እሱ ከተናገረ፣ «አንድም» በሉ። ካልሆነ እንደ ፓይው ተበልቶ ይለቅ። ክርክሩን በቃል አትጨርሱት፤ ሁለት ሰው ይመደብና አንዱ ምዕራፍ 10ን ሽልንጉ ከተሰጠበት ጀምሮ፣ ሌላው ምዕራፍ 39ን ኖቶቹ እስኪቃጠሉ ድረስ ድምፅ አውጥተው ያንብቡ፣ በመካከል ማንም አስተያየት ሳይሰጥ። ሰሌዳውንና መዶሻውን ከዚያ በኋላ አምጡት። ባርኔጣውን ግን በዚያው ቀን አትደርቡት፤ ለእሱ ለብቻው አንድ ቅዳሜ ያስፈልገዋል።